ውሃን ለይቶ መልሶ ስለሚያዋሕድ መሣሪያ



ፀሐይ ኃይሏን የምትሰጠው በቀን ሲሆን መብራት የሚፈለገው በሌሊት ነው፤ ስለዚህ ችግሩ ኃይልን ከማግኘቱ ይልቅ አኑሮ በማቆየቱ ላይ ነው። የዌልስ ተወላጅ የሆነው ዊልያም ግሮቭ በ1842 እ.ኤ.አ. ሃይድሮጅንንና ኦክስጅንን በፕላቲነም አማካይነት አዋሕዶ ኤሌክትሪክ አገኘ፤ በዚያው ኤሌክትሪክም ውሃን መልሶ ለያየ።

ተገላባጭ የሚባለው መሣሪያ ሁለቱን ሥራዎች በአንድ አካል ይፈጽማል። ከ9 ኪሎግራም ውሃ 1 ኪሎግራም ሃይድሮጅን ይወጣል፤ እርሱም 33 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይዞ በታንክ ውስጥ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ይሁን እንጂ ከገባው ኤሌክትሪክ ተመልሶ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ያነሰ ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ግን አብዛኛውን ይመልሳል። እንግዲህ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚቀመጥ ኃይል ይህን መምረጥ ኪሳራ ነው። ከሁሉም የሚያስቸግረው የኦክስጅኑ ወገን ነው፤ ኦክስጅንን ከውሃ ለማላቀቅ ኢሪዲየም፣ መልሶ ለማዋሐድ ግን ፕላቲነም ይሻላልና። ኤሌክትሪክ ሲመነጭ የሚበጀው ካርቦንም ውሃ ሲለያይ እየተበላ ያልቃል።

ተማሪዎች ነገሩን በዓይናቸው ሊያዩት ይችላሉ። ከጽሕፈት እርሳስ የወጡ ሁለት ጥቁር ዘንጎችን ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውሃ ነክሮ ከባትሪ ጋር ማገናኘት ነው፤ አረፋው ከታየ በኋላ ባትሪው ተነቅሎ ቮልትሜትር በቦታው ሲገባ መርፌው ለጥቂት ጊዜ ይነሣል። ዕቃው ከእሳት ይራቅ፤ በሶዳውም ፈንታ የምግብ ጨው መጨመር አይገባም፤ መርዛማ ክሎሪን ያወጣልና።