ቁርና ቆለኛ

(በይፋት ቆላ ለሚኖሩ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ብርድ ነው። ይኸን ስንል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ አላችሁ። «ሸዋ ሮቢት ላይ ቆሞ ስለ ብርድ? ይልቅ ስለዚህ ሙቀት አንድ ነገር አትሉንም?» ሳትሉ አትቀሩም። እውነታችሁን ነው። እኛ የይፋት ቆላ ሰዎች የምናውቀው ሐሩሩን፣ ወባውንና ድርቁን ነው። ብርድ የደገኛ ዕዳ ይመስለናል። ዳሩ ግን ብርድ ቶሎ የሚጥለው የማያውቀውን ሰው ነው። የማናውቀው ደግሞ እኛ ነን።

እስቲ አስቡት። ደገኛው ለማሽላ አጨዳ ወደኛ ወርዶ ያለ አጎበር ካደረ ወባ ይዞት ይመለሳል። እኛም «ምነው! ቆላ ያለ አጎበር ይታደራል እንዴ?» እንለዋለን። እኛስ ወደ ላይ ስንወጣ ምን ለብሰን ነው የምንወጣው? ሽርጥና ስስ ከናቴራ። አንዳንዱ ነጠላ ጣል ያደርጋል። ነጠላ ለጣርማ በር ነፋስ ምኑ ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመጋቢት ወር የሆነውን እንንገራችሁ። ሁለት የኛ ሰፈር ልጆች ሽንኩርት ጭነው ወደ ላይ ይወጡ ነበር። ጋቢናው ስለ ሞላ ከጭነቱ ላይ፣ ከጆንያው መሐል ተቀመጡ። ሲነሡ ሙቀቱ ልብስ የሚያስወልቅ ነበር። ደብረ ሲና ሲደርሱ ማካፋት ጀመረ። ዳገቱን ሲያያዙት ጉም ዋጣቸው። ከዚያ በረዶ ወረደ፤ ከበረዶው በኋላ ዝናብ። ጭነቱ የተሸፈነበትን ሸራ ገልጠው እንዳይገቡ ታስሯል። ዋሻውን አልፈው ጥቂት እንደሄዱ መኪናው ተበላሸና በሌሊት መንገድ ዳር ቆመ።

አንደኛው ልጅ ክፉኛ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥርሱ ይጋጫል። ብዙ ቆየና መንቀጥቀጡን አቆመ። ጓደኛው «ተመስገን፣ ተሻለው» አለ። አልተሻለውም ነበር። ጥቂት ቆይቶ ምላሱ ተሳሰረ፤ የማይገናኝ ነገር መናገር ጀመረ። ቀጥሎም «ሞቀኝ» ብሎ ከናቴራውን አወለቀ። ሾፌሩ «ይኼ ልጅ ሰክሯል» አለ። አንዱ ተሳፋሪ ደግሞ ያሞቀው ብሎ አረቄ አጎነጨው። ሁሉም ደግ አሰቡ፤ ሁሉም ተሳሳቱ።

ያዳነችው በአቅራቢያው የምትኖር አንዲት አሮጊት ናት። ተሸክመው ከደጇ ሲያደርሱት ከእሳቱ አጠገብ ሊያስተኙት አሉ። «ተዉ! ከእሳት አርቁት» አለች። እርጥቡን ሱሪውን አስወለቀች። ገላውን በደረቅ ጨርቅ አደረቀች። ልጇን ራቁቱን ከጎኑ አስተኝታ ሁለቱን በአንድ ባና ጠቀለለቻቸው። ራሱንም ሸፈነችው። አንድ ሰው እጁን እያሻሸ ሊያሞቀው ሲል ከለከለችው። ነቅቶ መዋጥ ሲችል ነው ትኩስ አጥሚት የሰጠችው። አሮጊቷ ትምህርት ቤት አልገባችም። በረዶ ሜዳ ላይ የደረሰባቸውን እረኞች እያየች ነው ያደገችው።

ልጁ ዛሬ እዚሁ ከመካከላችን ተቀምጧል። ስሙን አንጠራም፤ ይቆጣናል።

ታዲያ ምን ሆኖ ነው? የሰው ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። ውሃ በረዶ የሚሆነው በ0 ዲግሪ ነው። ሰውን ብርድ የሚገድለው ውሃ ሲረጋ ብቻ ይመስለናል፤ አይደለም። ገላችን ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋ ይጀምራል። ለዚህ ደግሞ ዝናብና ነፋስ ከተጋገዙ ውርጭም አያስፈልግ። እርጥብ ልብስ ሙቀታችንን ይመጠዋል፤ ነፋሱ ይወስደዋል። መንቀጥቀጥ ገላችን እሳቱን ለማንደድ የሚያደርገው ትግል ነው። ቁር የመታው ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ ገላው ተሸንፏል ማለት ነው። ያን ጊዜ አእምሮው ይደነግዛል፣ እግሩ ይተሳሰራል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ሰካራም የሚመስለውም ለዚህ ነው።

አረቄውስ? አረቄ ደምን ከውስጥ ወደ ቆዳ ያወጣዋል። ቆዳችን ስለሚሞቅ የሞቀን ይመስለናል። ከውስጥ የወጣው ሙቀት ግን ለነፋስ ተሰጠ። ቤቱን ለማሞቅ በር ከፍቶ እሳቱን ደጅ እንደ ማውጣት ነው። እጅ እግሩን ማሻሸትና እሳት ዳር ማስጠጋትም ጉዳት አለው። መጀመሪያ መሞቅ ያለበት ደረቱና ሆዱ ነው፤ ልብ ያለው እዚያ ነዋ። ከዚያ በኋላ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ስለ ልብስም አንድ ነገር እንበል። እኛ የጥጥ አገር ሰዎች ነን። ጥጥ ለቆላ የተፈጠረ ነው፤ ላብ ይጠጣል፣ ያቀዘቅዛል። ሲርስ ግን ገላ ላይ ተለጥፎ ያንኑ ማቀዝቀዙን ይቀጥላል። የበግ ጠጉር እንዲህ አይደለም። ቢርስም እንኳ በጠጉሩ መሐል አየር ይይዛል፤ ሙቀት ቶሎ አይለቅም። መንዜ ባናውንና በርኖሱን የወደደው ለጌጥ አይደለም። በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተቋቋመውም በግና ብርድ በተገናኙበት አገር ነው። ባና የሌለው ቢያንስ ሰፊ ላስቲክ ይያዝ። ዝናብን ከከለከሉት ግማሹ ብርድ ቀረ።

አሁን ደግሞ ዳገቱን እንመልከት። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ዋሻ ያስቆፈረበት ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ነው። 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከኛ እስከ ጣርማ በር ያለው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በመኪና ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከአንድ አየር ወደ ሌላ አየር እንገባለን። በድሮ ጊዜ በአህያ የሚወጣ ነጋዴ ገላው ቀስ እያለ ይለምድ ነበር። የዛሬው ተሳፋሪ ላቡ ሳይደርቅ ነው ጉም ውስጥ የሚገባው።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት የበጋ ወራት ደግሞ ዝናብ ባይኖርም ሌሊቱ ይከፋል። ምክንያቱ ሰማዩ ጥርት ማለቱ ነው። ደመና ለምድር ጋቢዋ ነው። ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ ይመልስላታል፤ ከሌለ ያመልጣታል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ሜዳ ይፈሳል። ስለዚህ የደብረ ብርሃን አካባቢ ገበሬ ባቄላው በረባዳው ሜዳ በውርጭ ሲጠቁር ከተረተሩ ላይ ያለው ሊተርፍለት ይችላል። የላይኛው ባቄላ በውርጭ ሲጠፋ የኛም ሽሮ ዋጋው ይወጣል። ብርድ የደገኛ ዕዳ ብቻ ነው ያላችሁ አሁንስ ምን ትላላችሁ?

በ1973 ዓ.ም. የተቋቋመው የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው፣ በበጋ ወራት ስለሚጠበቀው ቅዝቃዜ ይናገራል። ሬዲዮ ያለው ሰው ዘፈኑ አልቆ የአየር ጠባይ ሲነገር አይዝጋው።

በሌላው ዓለም ከዚህ የባሰ አለ። በቋንቋችን በረዶ ስንል ብዙ ነገር እንጠራለን። እንደ ጠጠር የሚወርደውም በረዶ ነው፤ ረግቶ የጠጠረው ውሃም በረዶ ነው፤ በሩቅ አገር እንደ ባዘቶ ጥጥ የሚወርደውም በረዶ ነው። ይኸ እንደ ባዘቶ ያለው በረዶ በኛም አገር በራስ ዳሸን አናት ላይ አልፎ አልፎ ይታያል። ለስላሳ ስለ ሆነ የማይጎዳ ይመስላል። በኢራን አገር የሆነውን ግን ስሙ። አገሩ ለዓመታት በድርቅ ተጎድቶ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ያህል በነፋስ የታጀበ በረዶ ወረደ። በብዙ ቦታ ከ3 ሜትር በላይ ተከመረ፤ በአንዳንድ ቦታ 8 ሜትር ደረሰ። የ3 ሜትር ክምር ማለት አንድ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቢቆም የሚሸፈንበት ነው። መንደሮች ከነጣሪያቸው ተቀበሩ። በረዶው ከቆመ በኋላም ብርዱ አልለቀቀም። 4,000 ያህል ሰዎች አለቁ። ውሃ ሲለምን የኖረ ገበሬ ውሃው ረግቶ መጣበት።

ሩቅ ነው አትበሉ። የኛንም እናስታውስ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የይፋትና ጥሙጋ አውራጃም ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። አንጾኪያን የሚያውቅ ያውቃል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ማይክል በርክና ካሜራ ይዞ የዞረው መሐመድ አሚን የኮረምን ሜዳ ለዓለም አሳዩ። ሰው የሚያስታውሰው ረሀቡን ነው። ኮረም ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ አገር ናት። የተራበው ሕዝብ በቡትቶ ተጠቅልሎ ሜዳ ላይ ያድር ነበር። ሬሳ የሚለቀመው ንጋት ላይ ነበር። ገላ ሙቀት የሚሠራው ከእህል ነው። እህል ያልቀመሰ ገላ ማገዶ እንደ ሌለው ምድጃ ነው፤ ጨለማውን አይሻገርም። ስለዚህ እርዳታ ስናዋጣ ከስንዴው ጋር ብርድ ልብስ የሚጠየቀው ለቅንጦት አይደለም።

እናቶች፣ አሁን የምንለው ለእናንተ ነው፤ አባቶችም ጆሮ ስጡ። አራስ ሕፃን ለብርድ ቆላ የለውም። ከእናቱ ሆድ እርጥብ ሆኖ ይወጣል፤ እንደዚያ ልጅ ከናቴራ ማለት ነው። እዚህም ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሌሊት ሊቀዘቅዝ ይችላል። እንደ ተወለደ ወዲያው ይደረቅ። ከእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ይተኛ። ራሱ ይሸፈን። የመጀመሪያውን አንድ ቀን አይታጠብ። ክብደቱ ያነሰ ከሆነ ደግሞ ከደረቷ አይለይ፣ ጤና ጣቢያም ይታይ። «ሳይታጠብማ!» የምትል አማት አትጠፋም። በትሕትና አስረዷት፤ ገላው ላይ ያለው ነጭ ቅባት ቆሻሻ አይደለም።

የመጨረሻው ነገር ከሰል ነው። ደጋ ወጥቶ አልጋ የተከራየ ቆለኛ ሲበርደው የመጀመሪያ ሐሳቡ የከሰል ምድጃ ማስገባት ነው። በርና መስኮቱን ይዘጋል፤ ቀዳዳውን በጨርቅ ይወትፋል። ጢስ ስለማይታይ ልቡ ይረጋል። ከከሰል የሚወጣው ገዳይ አየር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። አይታይም፣ አይሸትም። ከደም ጋር ተዋሕዶ ንጹሑን አየር ያባርራል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል፤ የተኛ ሰው ግን ይህንንም ሳያውቅ ይቀራል። ከሰሉ ፍም ሆኗል ማለት ደኅና ሆኗል ማለት አይደለም። እጣን ወይም ጨው ቢጨምሩበትም መርዙን አያጠፋውም። ከሰሉን ከቤት አውጥቶ፣ በሩን ከፍቶ አናፍሶ፣ ደራርቦ መተኛት ነው። አብሮን የሚጓዝ ሰው ካለ ተጠጋግቶ መተኛት አያሳፍርም። ራሱ የታመመ ሰው ካለ ወደ ደጅ ማውጣትና ለእርዳታ መጮኽ ነው።

ያ ልጅ በማግስቱ ሲሰናበት አሮጊቷ ባናውን ደረበችለት። «ስትመለስ ታመጣዋለህ» አለችው። በኅዳር ማሽላው ሲደርስ አንድ ቁና ተሸክሞ ሄደ፤ ባናውንም አጥፎ ያዘ። ማሽላውን ተቀበለች። ባናውን ግን አየት አድርጋ፣ «አንተ አሁንም በከናቴራ ነው የመጣኸው?» ብላ መልሳ አለበሰችው። ባናው አሁን በሱ ቤት ነው። ወደ ላይ የሚጭን ጎረቤት ሁሉ እየተዋሰው ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት የወሰደው ሰው እስካሁን አልመለሰም፤ እዚህ ካለ ነገ ያምጣ፤ ሐሙስ የሚወጣ መኪና አለ።

የኛ ይኸው ነው። ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ።