ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወላጆች ያስተማሩን ነገር

(ለደጋፊዎቻችን በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በነበሩባቸው ወራት ወላጆች ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ሲያስተምሩ ምን እንደ ገጠማቸውና ስለ ጉዳዩ ምን እንደሚያስቡ የሚመለከት ነው። ነገሩ ያለፈ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በወላይታ ገጠር ከወላጆች ጋር ቡና ላይ ተቀምጠን ስንጨዋወት እስከ ዛሬ ድረስ ይነሳል። ስለዚህ ያየነውንና የሰማነውን፣ እኛም የተሳሳትነውን ሳንደብቅ ልንነግራችሁ ወደድን።

እንደምታስታውሱት የኮሮና በሽታ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። መጀመሪያ የተባለው ለ15 ቀን ነው። ልጆቹም ዕረፍት መስሏቸው እየዘለሉ ወደ ቤት መጡ። ነገር ግን 15ቱ ቀን ወር ሆነ፤ ወሩም ወር እየወለደ ክረምቱን ተሻገረ። ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ መከፈት የጀመሩት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ወራት በመላ ኢትዮጵያ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆዩ።

በእርግጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ የለም። ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። በከተማ ያሉ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ የቤት ሥራውን በቴሌግራም ይልኩ ነበር። እኛ በምንሠራባቸው ቀበሌዎች ግን ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነው። ራዲዮ ያለው ቤትም ቢሆን የባትሪ ድንጋይ መግዛት አለበት። አንድ አባት እንዲህ አሉን፦ «ድንጋዩ ሲያልቅ መምህሩም አብሮ ያልቃል።»

እኛም አንድ ነገር ማድረግ አለብን ብለን ተነሣን። ከመምህራን ጋር ሆነን ለየክፍሉ ጥያቄዎች አዘጋጀን፤ አባዝተንም ቤት ለቤት አደልን። ያን ጊዜ ትልቅ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር፤ የታደለውን ወረቀት ቁጥርም በሪፖርታችን ላይ በኩራት ጻፍን። ከአንድ ወር በኋላ ልንሰበስብ ስንሄድ አብዛኛው ወረቀት እንደ ወጣ ንጹሕ ሆኖ ቆየን። አንዱንም የጨው መጠቅለያ ሆኖ አገኘነው። የዚያች ቤት እናት አፍራ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። በኋላ ግን እውነቱን ነገረችን፦ «ወረቀቱ የሚያናግረው የተማረ ሰው ነው። እኔን አላናገረኝም።»

ወገኖች ሆይ፣ ይህ ቃል ከሪፖርታችን ሁሉ የበለጠ አስተማረን። ወረቀቱን ያዘጋጀነው ከልጁ አጠገብ የሚያነብ ሰው ይኖራል ብለን ነበር፤ ያ ሰው መኖሩን ግን አልጠየቅንም።

ከዚያ በኋላ ወረቀት ይዘን መሄድን ትተን ጥያቄ ይዘን መሄድ ጀመርን። ልጆቹ ምን ያውቃሉ? እናንተስ ምን ታውቃላችሁ? ብለን ጠየቅን። ያገኘነው መልስ ብዙ ነው፤ ከእርሱ ጥቂቱን እናካፍላችኋለን።

በመጀመሪያ፣ ብዙ ወላጆች የልጃቸውን የትምህርት ሁኔታ ያወቁት በዚያን ጊዜ ነው። አንዲት ቅቤ ነጋዴ እናት ሦስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ አላት። ማንበብ ባትችልም ልጇ ከመጽሐፉ ጮክ ብሎ እንዲያነብላት ታደርግ ነበር። ልጁም እንደ ውኃ ያንበለብለዋል። አንድ ቀን መጽሐፉን ገልብጣ ሌላ ገጽ ሰጠችው። ልጁ ያንኑ የቀድሞውን ቃል ደገመ። ለካስ የሚያነበው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከቃሉ ኖሯል! «ሦስት ዓመት ሙሉ ደብተር የገዛሁት ለዚህ ነው?» ብላ አለቀሰች። እንባዋ በመምህሩ ላይ ብቻ አልነበረም። በራሷም ላይ ነበር፤ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅምና።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ወላጆች የለንም ያሉት ዕውቀት በእጃቸው እንዳለ አየን። ይህችው እናት ልጇን ቅቤ በምትሸጥበት ገበያ አጠገቧ አስቀመጠችው። የተሸጠውን እንዲደምር፣ መልሱን እንዲቀንስ፣ የሳምንቱንም ትርፍ እንዲያሰላ አደረገችው። ደብተር ላይ የሚያስጨንቀውን መቀነስ ገበያ ላይ በአንድ ወር ለመደው። አንድ ገበሬ አባትም ስለ ንባብ ስንጠይቃቸው፣ «ፊደል አላውቅም፤ ግን ሲደናቀፍ በጆሮዬ እሰማለሁ። በተደናቀፈ ቁጥር እንደገና በል እለዋለሁ» አሉን። የተማረ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ያደርጋል?

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ያላሰባችሁትን አንድ ችግር እንንገራችሁ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ብዙ የገጠር ሰው በማታ እየተማረ ማንበብ ቻለ። ዘመቻው ወላይትኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን ሁሉም የሚጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ግን ልጆች በታችኞቹ ክፍሎች ወላይትኛን የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ቋንቋ እየተናገሩ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ አይችልም።

በዘመቻው ጊዜ ማንበብ የተማሩ አንድ አያት የልጅ ልጃቸውን መጽሐፍ ተቀብለው ሲያዩት ቋንቋው የማን እንደ ሆነ እንኳ አላወቁም። ልጅቱ የመጀመሪያውን መስመር ስታነብላቸው ደነገጡ፦ «ይህማ የእኛው ቋንቋ ነው!» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ተስማሙ። እርሷ የላቲኑን ፊደል ታሳያቸዋለች፤ እርሳቸው ደግሞ ሀሁ ያስቆጥሯታል። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጅቱ ከጓደኞቿ ቀድማ የአማርኛውን መጽሐፍ ማንበብ ቻለች። አያቷም የትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ ቆመው ያነባሉ። በዚያ ቤት አስተማሪው ማን፣ ተማሪው ማን እንደ ነበር እስከ ዛሬ ለመለየት አልቻልንም።

ይሁን እንጂ ነገሩ ሁሉ መልካም ነበር ብንላችሁ እናታልላችኋለን። የወላጆች አስተያየት አንድ ዓይነት አይደለም። በሶዶ ከተማ የምትኖር አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ እናት ሦስት ልጆች አሏት፤ ስማርት ስልክ ግን አንድ ብቻ። ሦስቱም የቤት ሥራቸው የሚመጣው በእርሱ ነው። «ቀን ስልኩ ከእኔ ጋር መሥሪያ ቤት ይውላል፤ ማታ ሦስቱ ይጣሉበታል» አለችን። በዚያ ላይ ለግል ትምህርት ቤቱ መክፈል አልቀረላትም፤ በጊዜው ከወርኃዊው ክፍያ ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲከፈል መመሪያ ወጥቶ ነበርና። «እኔ እያስተማርኩ እኔው እከፍላለሁ» ትላለች። ያም ሆኖ መምህራኑም ደመወዝ የሚጠብቅ ቤተሰብ እንዳላቸው አልዘነጋችም።

ሌላ አባት ደግሞ፣ «እርሻዬን ለመምህሩ አልሰጥም፤ እርሱም ሥራውን ለእኔ አይስጠኝ» ብለው ቁርጡን ነገሩን። ልጃቸው ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበር። በጊዜው በአካባቢያቸው ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለነበረ እርሳቸው ሊረዱት አልቻሉም። እንዲህ ያለውን አባት ሰነፍ ልንለው አይገባም። ለሁሉም ልጅ፣ ለሁሉም ክፍል ቤት ትምህርት ቤትን ሊተካ ይችላል የሚል ካለ የእኚህን አባት ጎጆ አላየም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የልጃገረዶች ነገር ነው። ወንዱ ልጅ ቤት ሲውል ከብት ይጠብቃል፤ ማታ ግን ነጻ ነው። ሴቷ ግን ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ እንሰት ትፍቃለች፣ ታናናሾቿን ታዝላለች፤ ማታም እራት ሠርታ ታቀርባለች። ትምህርት ቤቱ በጥቅምት ሲከፈት በአንዱ ቀበሌ ስም ሲጠራ አቤት ያላሉ ልጃገረዶች ነበሩ። አንዷ አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥራለች ተባለ፤ ሌላዋ ተድራለች። የዚያች የተዳረችው ልጅ እናት፣ «ትምህርት ቤቱ ክፍት ቢሆን ኖሮ ለሚጠይቋት እየተማረች ነው እል ነበር፤ ሲዘጋ ግን የምለው አጣሁ» ብላናለች። ይህን ስትሰሙ ለዚያች እናት ትምህርት ቤት ፊደል የሚቆጠርበት ስፍራ ብቻ እንዳልነበረ ትረዳላችሁ። የልጇ አጥር ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? እኛ የተማርነው ይህ ነው፦ ወላጅ መምህሩን አይተካም፤ ነገር ግን ወላጅ የሌለበት ትምህርት ሥር አይሰድም። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ልጁን የያዘው ወረቀታችንም ራዲዮኑም አልነበረም። ማታ አጠገቡ ተቀምጦ «እስቲ ዛሬ የተማርከውን ንገረኝ» የሚለው ሰው ነበር።

ስለሆነም አሠራራችንን ለወጥን። አሁን በየቀበሌው ወላጆችን በወር አንድ ጊዜ ከመምህራን ጋር እናገናኛለን። ሦስት ቀላል ልማዶችን እንነጋገራለን፤ ማንበብ የማይችልም ወላጅ ሊያደርጋቸው ይችላል። አንደኛ፣ ልጁ በየማታው ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ወላጁም ያልተለመደ ገጽ ይግለጥለት። ሁለተኛ፣ ያነበበውን ያለ መጽሐፍ በራሱ ቃል ይናገር። ሦስተኛ፣ የቤቱን ሒሳብ፣ የገበያውንም የእህሉንም፣ ልጁ ያስላ። ሴት ልጅ ያላቸውን ወላጆች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር እንለምናለን፤ ይኸውም ለግማሽ ሰዓት ያህል ማሰሮውን ወንድሟ እንዲያነሣላት ነው። ይህን የመጨረሻውን ስንናገር አባቶች ይስቃሉ። እናቶች ግን አይስቁም።

ይህ ሁሉ ለምን ዛሬ ያስፈልጋል? የሚል ይኖራል። የትምህርት ቤት መዘጋት በኮሮና ዘመን ብቻ አልቀረምና ነው። በትግራይ በበሽታው ምክንያት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት የተነሣ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ብዙዎቹ ሳይከፈቱ ቆይተዋል። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በዚያ ላሉ እናቶች ጥያቄው ስለ ሰባት ወር ሳይሆን ስለ ዓመታት ነው። እኛ በደኅናው ቀን ያልተማርነውን በክፉ ቀን ልንጀምረው አንችልም።

የተወደዳችሁ ደጋፊዎቻችን፣ ስትጎበኙን ብዙ ጊዜ የምትጠይቁን ስንት መማሪያ ክፍል እንደ ተሠራና ስንት ደብተር እንደ ታደለ ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ ክፍሉም ደብተሩም ያስፈልጋል። ነገር ግን ከእንግዲህ አንድ ጥያቄ ጨምሩልን፦ «ማታ ከልጁ አጠገብ የሚቀመጠው ማን ነው?» በሉን። የዚያን ጊዜ እኛም በሪፖርታችን ላይ የወረቀት ቁጥር ጽፈን ለማለፍ አንችልም።