የሚስጥር ቁጥራችን በማን እጅ ነው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴው «ስለ ዲጂታል ዕውቀት የተሠሩ ጥናቶችን አንብበሽ ንገሪን» ብሎኝ ነው ፊታችሁ የቆምኩት። አንብቤያለሁ። ከጥናቶቹ በፊት ግን ከሰዓት በኋላ የምንወያይበትን አጀንዳ ላስታውሳችሁ። ወርኃዊ መዋጮ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በስልክ ብቻ ይሰብሰብ የሚል ነው። ገንዘብ ያዣችን ለምን እንዳቀረበችው ይገባኛል። የሰው ብር በቦርሳ ይዞ በታክሲ መሳፈር ያስፈራል፤ ሒሳቡንም አምሽቶ ማመሳከር ያደክማል። እኔም ሐሳቡን እደግፋለሁ። የማልደግፈው «ብቻ» የምትለዋን ቃል ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በጽሕፈት ቤታችን የስልክ አጠቃቀም ስንማማር ከሚመጡት መካከል ጉልት ላይ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ አንዲት እትዬ አሉ። ስማቸውን እንዳልጠራ አደራ ብለውኛል፤ ታሪኩን ግን «ንገሪያቸው» ብለዋል። አንድ ቀን አንድ ሰው ሁለት ኪሎ በርበሬ አስመዘነ። «በቴሌብር ልኬልዎታለሁ» አለና የራሱን ስልክ አሳያቸው። የእሳቸው ስልክ ድምፅ አላሰማም። «ኔትወርክ ነው፣ አሁን ይገባል» አላቸውና ሄደ። ማታ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት መጥቶ ሲያይ የገባ ብር የለም።

«ማየት የነበረብኝ የእሱን ስልክ ሳይሆን የራሴን ነበር» አሉኝ። እውነት ነው። ግን የራሳቸውን ቢያዩትስ? መልእክቱ የሚመጣላቸው በእንግሊዝኛ ነው። የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቀው የልጅ ልጃቸው ነው። ሒሳቡ በስማቸው ተከፍቷል፤ ሳይጠሩት የሚገቡበት ግን አይደለም።

እዚህ ላይ «አሮጊት ምን ስልክ ያውቃል» የምትሉ ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እኚሁ እናት ጅዳ ካለችው ልጃቸው ጋር በኢሞ የሚነጋገሩት ራሳቸው ደውለው ነው። ፎቶዋን ፈልገው ይነካሉ፣ ሳይነሳ ሲቀር በድምፅ መልእክት ይተዋሉ። ማን አስተማራቸው? ናፍቆት ነዋ! ስለዚህ መማር አይችሉም የሚለውን እዚሁ እንተወው። ያቃታቸው ፊደልና ቁጥር የሚጠይቀው ክፍል ነው።

ይህ ደግሞ የእሳቸው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ ሲሆኑ፣ በዚያው ዕድሜ ካሉ ወንዶች ግን 69 በመቶ ናቸው። ከ49 በላይ ያሉት እናቶቻችን በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። እትዬ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረው ነበር፤ የምስክር ወረቀታቸው እስከ ዛሬ ሣጥን ውስጥ አለ። ንባቡ ግን ጠፋ። «ምን አነብ ነበር ልጄ? ቤታችን ውስጥ የተጻፈ ነገር የዱቄቱ ጆንያ ብቻ ነበር» ይላሉ።

ጥናቶቹን ሳነብ ይህቺ የጆንያ ነገር ነበረች ትዝ ያለችኝ። ኒጀር ውስጥ ጄኒ ኤከርና ባልደረቦቿ 113 መንደሮች ውስጥ ጎልማሶች ፊደልና ስሌት ሲማሩ ተከታትለዋል። በሁሉም መንደሮች ትምህርቱ አንድ ነው፤ በተወሰኑት ግን ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ተራ የእጅ ስልክ በጋራ ተሰጣቸው፣ አጠቃቀሙንም ተማሩ። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት ስልክ የተጨመረላቸው በንባብም በሒሳብም ፈተና የተሻለ አመጡ። ልብ በሉ፣ ስልኩ ውድ አይደለም፣ ኢንተርኔትም አልጠየቀም። የሚነበብና የሚጻፍ ነገር ግን በየቀኑ እጃቸው ላይ አኖረ።

ሁለተኛው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። ኤም ፔሳ እዚያ የተጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ታቭኒት ሱሪና ዊልያም ጃክ ቤተሰቦችን ለዓመታት ተከታትለው በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በስልክ ገንዘብ ማንቀሳቀስ መቻሉ 194,000 ያህል ቤተሰቦችን ከከፋ ድህነት እንዳወጣ ገምተዋል። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ሴት በምትመራው ቤት ነው። 185,000 ያህል ሴቶች ዋና ሥራቸውን ከእርሻ ወደ ንግድ እንዳዞሩም ገምተዋል። ለምን ሴቶች? እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ በማሰሮ ወይም በመቀነት ያለ ብር የቤቱ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ በስልክ ያለውን ግን የሚያየው የሚስጥር ቁጥሩን የያዘ ነው። ቁጥሩን የያዘው ልጅ ወይም ባል ወይም ወኪል ከሆነ ግን ያው መቀነቱ ተፈቶ ለሌላ ተሰጠ ማለት ነው።

እናም ቅዳሜ የምናደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ ተሳስተን ነበር። ወጣቶቹ አባላት ስልኩን ከእናቶች እጅ ተቀብለው ጣታቸውን እያፈጠኑ «ይኸው፣ አለቀ» ይሉ ነበር። እናቶች አመስግነው ሄደው በሳምንቱ ያንኑ ይጠይቃሉ። አሁን አስተማሪ እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል፤ የሰው ስልክ መንካት ክልክል ነው። ይዘገያል። አንዳንዴ ትዕግሥቴ ያልቅና ጣቴ ይበላኛል፣ አልዋሽም።

መጀመሪያ ኮከብ 127 መሰላል መደወልን ተማርን። በተራ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ዝርዝሩም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ ይገኛል። ቀጥሎ የሚስጥር ቁጥሩን ቀየርን፤ ሲቀየር ጎረቤት ፊቷን ታዞራለች። ከዚያ ልክ እንደ ዕቁብ ክብ ሠርተን 5 ብር ከአንዷ ወደ ሌላዋ እንልካለን። ተቀባይዋ የመጣላትን መልእክት ጮክ ብላ ካላነበበች ብሩ ወደሚቀጥለው አይሄድም። እትዬ በአራተኛው ቅዳሜ ስሟንና መጠኑን አነበቡ፤ «ቀሪ ሒሳብ» የሚለው ላይ ቆም አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና ጀመሩ።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል። ባለፈው ዓመት የሰጣችሁን ስልኮች በጣም ጠቅመውናል። ሆኖም ከእነዚያ ውስጥ አንዳንዶቹ ዛሬ በልጆች እጅ እንዳሉ ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ። ዘንድሮ ስልክ ከመጨመር ይልቅ የሦስት አስተማሪዎችን የትራንስፖርትና የሻይ ወጪ ብትሸፍኑልን፣ ቅዳሜን ወደ ረቡዕም እናሰፋለን። በሪፖርት ላይ ለፎቶ የማይመች መሆኑ ይገባኛል።

ወደ አጀንዳው ልመለስ። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ በስልክ መክፈል ይጀመር፤ የገንዘብ ሣጥኑ ግን ቢያንስ አንድ ዓመት በመዋጮ ቀን ጠረጴዛው ላይ ይቆይ። በጥሬ ብር የከፈለች አባል ቅጣት አይጣልባት፣ «ኋላ ቀር» አትባል። ማንም አባል፣ ገንዘብ ያዣችንም ብትሆን፣ የሌላዋን የሚስጥር ቁጥር ተቀብላ አትክፈልላት። ዓመቱ ሲያልቅ በሣጥኑ የሚከፍሉት ስንት እንደቀሩ ቆጥረን እንደገና እንነጋገር።

እትዬ ዛሬ ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። የዚህን ወር መዋጮ ጠዋት በስልክ እንደላኩ ነግረውኛል። ገንዘብ ያዣችን ገና ስልኳን አላየችም መሰለኝ፤ ከምሳ በፊት ብታረጋግጥላቸው ደስ ይላቸዋል።