ደብተር ከመያዙ በፊት ትንፋሽ የሚሻው ሕፃን
(ለማኅበራችን አባላትና ለጋሾች የቀረበ ንግግር)

 

የቲምን ስለመርዳት ስንነጋገር ዘወትር በዓይናችን የሚታየን ደብተርና ልብስ የሚያስፈልገው ልጅ ነው። ዛሬ የምንናገረው እናቱ በወሊድ ስለሞተችበትና እርሱም በሰባተኛው ወር ስለተወለደ ሕፃን ነው። በሸሪዓ የቲም የሚባለው አባቱን ያጣ ልጅ መሆኑን እናውቃለን፤ ይህም ሕፃን ግን ከእጃችን ሊወጣ አይገባም።

የሳንባችን ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ውስጣቸው ሰርፋክታንት በሚባል ቅባት መሰል ነገር የተሸፈነ ነው። ያለ እርሱ ከረጢቶቹ እንደ እርጥብ ላስቲክ ይጣበቃሉ። ፅንሱ በበቂ መጠን የሚያመርተው ከ34ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ በመሆኑ፣ ቀድሞ የተወለደው ለእያንዳንዱ ትንፋሽ ይታገላል፤ ያቃስታል፣ ደረቱም ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የዚህን ሕመም ምክንያት ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄሬ ሚድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1959 አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ በዚሁ ሕመም በሁለት ቀን ውስጥ ሞተ፤ በዚያን ጊዜ የፕሬዚዳንት ሀብትም መድኃኒቱን ሊገዛ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ጃፓናዊው ሐኪም ፉጂዋራ ከከብት ሳንባ በተሠራ ሰርፋክታንት ሕፃናትን ማከሙን ገለጸ።

መድኃኒቱ ፈሳሽ ሲሆን የሚሰጠው በቀጥታ ወደ ሳንባ ነው። የቀድሞው ዘዴ ቧንቧ በጉሮሮ አስገብቶ መድኃኒቱን ማፍሰስ፣ ከዚያም ሕፃኑን በመተንፈሻ መሣሪያ ማቆየት ነበር። በኋላ ቧንቧውን ወዲያው ማውጣት ተለመደ። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚመረጠው፣ ሕፃኑ በራሱ እየተነፈሰ በአፍንጫው የግፊት አየር እያገኘ፣ እጅግ ቀጭን በሆነ ቱቦ መስጠት ነው፤ ለስስ ሳንባ የሚራራ ዘዴ ነውና። ሁሉም ግን የሠለጠነ እጅ ይሻሉ። በተን አድርጎ ማስተንፈስ ገና እየተጠና ነው።

ከመድኃኒቶቹ አንዳንዱ ከከብት፣ አንዳንዱ ከአሳማ ሳንባ ይሠራል። ወላጆች ይህን ሲሰሙ መጨነቃቸው ተገቢ ነው። ከከብት የተሠራ መኖሩን ሐኪሙን ይጠይቁ። ከሌለ ግን ዑለማዎች ዶሩራ የሚሉት አለ፤ ነፍስ ለማትረፍ ሌላ መንገድ ሲጠፋ የተከለከለው ይፈቀዳል። መሠረቱም በሱረቱል በቀራህ 173ኛው አንቀጽ ይገኛል። መድኃኒቱ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሆነ፣ ሰዓቱን በክርክር መጨረስ አይገባም።

በአገራችን ግን መድኃኒቱ ውድና ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነው፣ ጎንደርን ጨምሮ በአምስት ሆስፒታሎች በተካሄደ ጥናት፣ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት ወደ ግማሽ የሚጠጉት በዚህ ሕመም የሞቱ ናቸው። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት የሚቀድሙ ነገሮች አሉ። አንዱ የግፊት አየር ነው፤ የቱቦው ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ውስጥ ተነክሮ አየሩ ሲንቦለቦል የሕፃኑ ሳንባ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ሌላው ሙቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ ገላ ለገላ ታቅፎ እንዲቆይ አሳስቧል። እናት ከሌለች አያት፣ አክስት ወይም አባት ያቅፉታል።

የቆጋ ወንዝ መራዊ አጠገብ ተገድቦ እስከ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ ተደርጓል። ከዚያ መስክ እስከ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለቀዘቀዘ ጨቅላ ግን ረጅም ነው። በጋቢ ብቻ ተጠቅልሎ ከመሄድ በአያቱ ደረት ላይ ተለጥፎ፣ ጋቢው ከላይ ተደርቦ መሄድ ይሻለዋል።

ከሆስፒታል ሲደርስም አያቲቱ ለሳምንታት የምታድርበትና የምትበላው ያስፈልጋታል። ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ሕፃኑን ይዞ ቶሎ የሚመለሰው ስንቅ ስላለቀበት ነው። እኛም ለዓመታት የልጅ ድጋፍ ከትምህርት ቤት ይጀምራል ብለን ይህን ወጪ ሳናስበው ቆይተናል። ከሰደቃችሁ ጥቂቱን ለመኪና ኪራይና ለአስታማሚ ስንቅ እንድትመድቡ እንጠይቃለን።