በጎን ነገር ሁሉ ስለ መጠርጠር
በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ምስጋና ብቻ መናገር የሚገባ ይመስላል። ነገር ግን ይህን ቤት ሃምሳ ዓመት ያቆመውን ነገር ስናመሰግን፥ ቤትን የሚያፈርሰውንም ነገር ማወቅ ይገባናልና፥ ስለ አንድ የልብ ደዌ ጥቂት ቃል ልናገር ወደድሁ። ይህም ደዌ የሰውን በጎ ሥራ ሁሉ በክፉ መተርጐም፥ ቅንነት በዓለም የለም ብሎም መቍረጥ ነው። በዚህ ደዌ የተያዘ ሰው፥ ባልንጀራው ቢመጸውት «ለስሙ ነው» ይላል፤ ቢጾም «ለታይታ ነው» ይላል፤ ቢያገለግል «ምን ሊያገኝ ነው» ይላል፤ ዝም ቢልም «ተንኰሉን ሲሸሽግ ነው» ይላል። እንዲህ ላለው ሰው በቋንቋችን አሽሙረኛ፥ ሐሜተኛ፥ ተጠራጣሪ የሚሉ ስሞች አሉን፤ ዳሩ ግን ከእነዚህ አንዱም ብቻውን ነገሩን አይጨርሰውም።

ፈረንጆች እንዲህ ያለውን ሰው ሲኒክ ይሉታል። የቃሉ መነሻ የግሪክ ነው፤ ኪኒኮስ ማለት ውሻ መሰል ማለት ነው። የግሪክ ጠቢባን ለቤታችን እንግዶች አይደሉም፤ በ16ኛው መቶ ዓመት አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን የብዙዎቹን ምክር ለሊቃውንታችን አድርሷልና። ስለዚህ የዚህን ስም መነሻ ብንመረምር ከመንገዳችን አንወጣም።

ኪኒኮስ ከተባሉት ሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀው ዲዮጋንስ ነው። እርሱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረ፥ በጥቁር ባሕር ዳር ባለችው በሲኖፔ የተወለደ ሰው ነው። ገንዘብን በማበላሸት ነገር ከአገሩ ተሰደደ ይባላል፤ ከዚያም በአቴናና በቆሮንቶስ ኖረ። ልብሱ አንድ ሻካራ ኩታ፥ ማደሪያው ታላቅ የሸክላ ጋን ነበረ። በቀትር መብራት አብርቶ ሰው እየፈለገ ይዞር እንደ ነበረ ይተረካል፤ ደግሞም ታላቁ እስክንድር መጥቶ የምትሻውን ለምነኝ ቢለው፥ ፀሐዩን እንዳይጋርደው ብቻ እንደ ለመነው ይነገራል። የእርሱን መንገድ የተከተለው ክራቴስ ደግሞ በግሪክ አገር በቴብስ ባለጠጋ ነበረ፤ ሀብቱን ትቶ ድኻ ከሆነ በኋላ የተጣሉ ቤተ ሰቦችን እያስታረቀ ስለ ዞረ፥ በር ሁሉ ይከፈትለት ነበርና «ደጅ ከፋች» ተባለ።

እንግዲህ ልብ በሉ። የእነዚህ ሰዎች ድፍረታቸውና ነውራቸው ብዙ ነበረ፤ ውሻ መባላቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የናቁት ሀብትን፥ ሹመትንና ከንቱ ውዳሴን ነው እንጂ በጎነትን አይደለም። በቀትር መብራት ይዞ ሰው የሚፈልግ፥ ሰው ይገኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋልና። የዛሬው ግን መብራቱን አጥፍቶ፥ ከተቀመጠበትም ሳይነሣ፥ ሰው የለም ይላል። የፊተኛው በጎነትን ሽቶ ሀብትን ናቀ፤ የኋለኛው በጎነትን ናቀ፥ ሀብትን ግን አልናቀም። ስሙ ሳይለወጥ ነገሩ ተገለበጠ።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «እንኪያስ ሁሉን ማመን ይገባናልን? ስንት አስመሳይ አለ» ይለኝ ይሆናል። አይገባንም። መመርመርና መጠርጠር ግን ሁለት ናቸው። በአገራችን አዲሱ ገንዘብ በ1937 ዓ.ም. ከመውጣቱ በፊት አባቶቻችን ይገበያዩበት የነበረውን የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር አስቡ። በፈረንጆች አቈጣጠር 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት ነው። ነጋዴው ብሩን ሲቀበል ዝም ብሎ በኪሱ አይጨምረውም ነበር፤ አገላብጦ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቍዎች ሳይጐድሉና ሳይፈዙ መኖራቸውን ይመለከት ነበረ። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ግን እውነተኛውን ብር ሊቀበል ነው። ብር ሁሉ ሐሰተኛ ነው ብሎ የቈረጠ ሰው መመርመር ምን ያደርግለታል? ገበያም መውጣት አያስፈልገውም። ሐሰተኛ ብር የሚሠራውም እውነተኛ ብር ስላለና ስለሚወደድ ነው፤ እንዲሁም ግብዝ የሚኖረው እውነተኛ ጻድቅ ስላለ ነው። ስለዚህ የግብዞች መብዛት ጽድቅ አለመኖሩን አያስረዳም፤ ጽድቅ የከበረ መሆኑን ያስረዳል እንጂ።

በዚህ ደዌ ረገድ እኛ የቅኔ ቤት ልጆች ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ ይገባናል። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ መምህራኖቻችንም በተነገረው ቃል ሥር ያልተነገረውን እንድንፈልግ አስተምረውናል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ይህን ልማድ ከቃል አውጥተን ወደ ሰው ሕይወት ብናገባው፥ የባልንጀራችንን ሥራ ሁሉ «ሌላ ምሥጢር አለው» ወደ ማለት እንወርዳለን። የቅኔ ተማሪ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ይፈልጋል፤ አሽሙረኛው ግን ወርቁን በዓይኑ እያየ ከሥሩ ሰም ይፈልጋል። ይህ የቅኔን ሥርዐት መገልበጥ ነው። ደግሞም ከቅኔ ሰም ለበስ አለ፥ ወርቁም በግልጥ የሚነገርበት አለ፤ ከሰውም ንግግሩ እንደ ልቡ የሆነ፥ የተሸሸገ ነገር የሌለው ብዙ አለ።

የዚህ ደዌ ሥሩ ከሁለት ወገን ነው፤ ሁለቱንም አበው በምሳሌ ነግረውናል። አንደኛው «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» የተባለው ነው። የራሱን ልብ ያወቀ ሰው የሰውን ሁሉ ልብ በራሱ ልክ ይሰፍራል። በቢታንያ ሽቱ በፈሰሰ ጊዜ፥ ይህ ለሦስት መቶ ዲናር ተሽጦ ለድኾች ሊሰጥ ይገባ ነበረ ብሎ ሴቲቱን የነቀፋት ማን ነው? ከረጢቱን ይዞ ከውስጡ ይሰርቅ የነበረው ይሁዳ ነው። ሁለተኛው ግን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የተባለው ነው። ያመነው ሰው የካደው፥ የሰጠው ገንዘብ የባከነበት፥ አባት ያለው ሰው ያፈረበት፥ ልጡ ሁሉ እባብ ይመስለዋል። በፊተኛው ላይ ተግሣጽ ይገባል፤ ለሁለተኛው ግን ኀዘኔታና መድኀኒት ያሻዋል እንጂ ዘለፋ አያሻውም። እኛ ካህናት ብዙ ጊዜ ሁለቱን ሳንለይ ሁሉንም ከሃዲ ብለን እንገሥጻለን፤ የቈሰለውንም ደግመን እናቈስለዋለን።

ይህ ክስ አዲስ አይደለም። በመጽሐፈ ኢዮብ መጀመሪያ ሰይጣን በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ፥ ኢዮብ እግዚአብሔርን የሚፈራው በከንቱ እንዳይደለ፥ አጥር ስለ ተሠራለትና ሀብቱ ስለ በዛለት እንደ ሆነ ተናገረ። ይህ የአሽሙረኞች ሁሉ ክርክር ነው፤ የሚያገለግል ሁሉ ለዋጋ ያገለግላል የሚል ነው። ለዚህም ክስ በቃል የተሰጠ ረዥም መልስ የለም። መልሱ ኢዮብ ራሱ ነው፤ በሬው፥ ግመሉ፥ ልጆቹና ጤናው ሲወሰዱ ከአምላኩ አለመለየቱ ነው። ስለዚህ አሽሙርን በአሽሙር፥ ክርክርንም በክርክር እንረታለን ብለን አንድከም። የሚረታው ያለ ዋጋ በተሠራ ሥራ ነው። በዚህ ደብር በጨለማ ተነሥታ ደጀ ሰላሙን የምትጠርግ እናት፥ ስሟ በመዝገብ የማይጻፍ፥ የሰይጣንን ክርክር በየማለዳው ታፈርሳለች።

የሚጠራጠረውንም ሁሉ አንድ አድርገን አንኰንነው። ናትናኤል ከናዝሬት መልካም ነገር ሊወጣ ይችላልን ብሎ ጠይቋል፤ ነገር ግን ፊልጶስ መጥተህ እይ ሲለው ተነሥቶ ሄደ፥ ጌታም ተንኰል የሌለበት ብሎ መሰከረለት። በቅን ጠያቂና በአሽሙረኛ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ አንዱ ሊያይ ይነሣል፥ ሌላው ተቀምጦ ይፈርዳል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አስቀድሜ ለእኛ ለካህናትና ለአስተዳዳሪዎች እናገራለሁ። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች ከአሕዛብ አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ ሲያሰበስብ፥ እኔ ሐዋርያ ነኝና ማን ይጠረጥረኛል አላለም። ቲቶንና በአብያተ ክርስቲያናት የተመሰገኑ ወንድሞችን ጨምሮ ላከ፤ ስለዚህ ልግስና ማንም እንዳይነቅፈን፥ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካሙን እናስባለን ብሎ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክቱ ጻፈላቸው። ሒሳብ መጠየቅ ስድብ አይደለም። ምእመናን ስለ ሙዳየ ምጽዋቱ ሲጠይቁ የምንቈጣ ከሆንን፥ ልጡን እባብ የምናስመስል እኛው ነን። መዝገቡን ገልጠን ብናሳይ ግን ቅን ጠያቂው ያርፋል፥ አሽሙረኛውም ምግቡን ያጣል።

ለእናንተ ለወላጆች ደግሞ ይህን እላለሁ። ከቅዳሴ ተመልሳችሁ በማዕድ ስትቀመጡ ልጆቻችሁ ይሰሟችኋል። የሰባኪው ስብከት ለጥቅም፥ የሰጪው ስጦታ ለውዳሴ፥ የአስታራቂው እርቅ ለጉቦ እንደ ሆነ በየሳምንቱ የሚሰማ ልጅ፥ እናንተ እንዳሰባችሁት ብልህ አይሆንም። አንድ ነገር ብቻ ይማራል፤ በጎ ለመሥራት መነሣት ሞኝነት መሆኑን። ከዚያም በኋላ ለዕድሩ፥ ለማኅበሩ፥ ለአገሩም የሚደክም ሰው ብትፈልጉ አታገኙም። እናንተ ራሳችሁ እንዳይገኝ አስተምራችኋልና።

በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ኢዮቤልዩ ማለት በሃምሳኛው ዓመት ቀንደ መለከት ተነፍቶ፥ ባሪያ ነጻ የሚወጣበት፥ የተሸጠ ርስትም ወደ ባለርስቱ የሚመለስበት ዓመት ነው። እኛ ዛሬ በእጃችን የሸጥነው ርስት የለ ይሆናል። ነገር ግን በየልባችን መዝገብ ለዓመታት የጻፍነው የሰው ሁሉ ጥርጥር አለ፤ እገሌ እንዲህ አስቦ ነው፥ እገሊት እንዲህ ፈልጋ ነው የሚል፥ ያልተመረመረ ዕዳ። የተረጋገጠው በደል በሥርዐቱ ይጠየቅ፤ ያልተረጋገጠው ግን በዚህ ዓመት ይሰረዝ። ለባልንጀራችን መልካም ስሙን ብንመልስለት፥ ርስቱን መለስንለት። ይህን ካደረግን በዓላችን ከድንኳኑና ከከበሮው አልፎ እውነተኛ ኢዮቤልዩ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።