ሳይሞት ሞተ ያሰኘ ሰው
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የአገራችን ሰው ስለ ሟች ክፉ ከመናገሩ በፊት «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። ሕግም በበኩሉ፣ በወንጀል የተከሰሰ ሰው ሲሞት ክሱን ይዘጋል። እንግዲህ ሳይሞት ሞተ የሚያሰኝ ሰው የሚሰርቀው እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ የሰውን ይሉኝታና የሕግን ዝምታ ነው።

ለዚህ የእንግሊዙን የሕዝብ እንደራሴ ጆን ስቶንሃውስን እንመልከት። ቀድሞ የፖስታ ሚኒስትር ነበረ፤ በኋላ ግን የንግድ ኩባንያዎቹ በዕዳ ተዘፈቁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 20 ቀን 1974 ዓ.ም. በማያሚ ልብሱን ባሕር ዳር ትቶ ተሰወረ። ሰጠመ ተባለ። የ125,000 ፓውንድ የሕይወት ኢንሹራንስም አስቀድሞ ተገብቶለት ነበር። እርሱ ግን በሌላ ሰው ስም ባወጣው ፓስፖርት ወደ አውስትራሊያ ተሻግሯል።

ስሙን ከየት አገኘው? እርሱን በመረጠው ወረዳ ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሁለት ሴቶች ቀርቦ አነጋገረ፤ የባሎቻቸውንም ስም ወሰደ። ዕዳ በማንም ላይ ይደርሳል። ነገር ግን እንደራሴ ነኝ ብሎ ከኀዘን ቤት ገብቶ የሟችን ስም ይዞ መውጣት፣ ከገንዘብ ማጉደል የከፋ በደል ይመስለናል።

የተያዘውስ በታላቅ መርማሪ አይደለም። በሜልበርን አንድ የባንክ ሠራተኛ በአንድ እንግዳ ሰው የገንዘብ አያያዝ ተጠራጥሮ አመለከተ። ፖሊሶችም ሲከታተሉት፣ በነፍስ ግድያ የሚፈለገው ሎርድ ሉካን መስሏቸው ነበር። ዲሴምበር 24 ቀን ያዙት። በ1976 ዓ.ም. ለንደን ላይ የሰባት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ እንደራሴነቱም ከፍርድ አላዳነውም።

ጓደኞቻችን፤ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ የምንቀመጠው እኛ ነን። የልደትና የሞት መዝገብ፣ የፓስፖርት ማመልከቻ፣ የባንክ ሒሳብ በእጃችን ያልፋል። ይህን ሥራ የጸሐፊ ሥራ ነው ብለን የናቅነው፣ ወረቀቱንም ሳናነብ ማኅተም የመታንበት ቀን ለሸሺው በሩን የከፈትንለት እኛው ነን። በር የከፈተ ሰው ደግሞ ስለ ፍትሕ መጓደል ቢናገር ማን ይሰማዋል?

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ንጋት ብንተኛም ይመጣል፤ እውነት ግን ነቅቶ የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል።