እጅ ሲያጥር በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ጥቂት ቃል የምናገረው ገንዘብ ስለ ማጣት በእንግሊዝኛ ስለሚነገሩ ፈሊጦች ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛው ትምህርትና ፈተና በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ ፈሊጥን ቃል በቃል የሚተረጕም ተማሪ የሚያውቀውን ጥያቄ እንኳ ይስታል።

«አይ አም ብሮክ» የሚለውን እንመልከት። መዝገበ ቃላት ገልጦ «ተሰበርሁ» ብሎ የተረጐመ ሰው ወጌሻ ይጠራ ይሆናል! ትርጕሙ ግን «ሰባራ ሳንቲም የለኝም» ነው። እኛ የሰበርነው ሳንቲሙን ነው፤ እንግሊዞች ግን ሰውየውን ሰበሩት።

«ከእጅ ወደ አፍ» መኖር በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው፤ እነርሱም «ፍሮም ሃንድ ቱ ማውዝ» ይሉታል። «ቱ ሜክ ኤንድስ ሚት» ሲሉ ቃሉ ጫፍና ጫፍን ማገናኘት ሲሆን፥ ምስጢሩ ገቢን ለወጪ ማብቃቃት ነው። ይህንስ ገበሬያችን ያውቀዋል፤ ያምናውን እህል እስከ ዘንድሮው እሸት ማድረስ ማለት ነውና።

«ፑር አዝ ኤ ቸርች ማውስ» ማለት «እንደ ቤተ ክርስቲያን አይጥ ድኻ» ነው። በቁሐር ሚካኤል ላደገ ልጅ ይህ ግር ይለዋል፤ ወር በገባ በ12 ቀን የዝክር እንጀራ ከደጀ ሰላም አይጠፋምና። የእንግሊዞቹ አባባል ግን ጓዳና ጎተራ በሌለበት ቤት አይጥ የምትቃርመው አታገኝም ማለት ነው።

«ሴቭ ፎር ኤ ሬይኒ ዴይ» ደግሞ ቃሉ «ለዝናብ ቀን ቆጥብ» ይላል። ርብና ጕማራ ሞልተው ሩዛችንን በሚያጠጡበት በፎገራ ሜዳ ዝናብ እንዴት ክፉ ይባላል? ነገር ግን ክረምት ጎተራ የሚጎድልበትም ወራት ነው። ስለዚህ ምስጢሩ «ለክፉ ቀን አስቀምጥ» እንደ ሆነ ወላጆቻችን ከኛ ይልቅ ይረዱታል።

ጓደኞቼ ሆይ፥ እንግዳ ፈሊጥ ሲገጥማችሁ በመጀመሪያ የፊቱንና የኋላውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፤ ቀጥሎም «እናቴ ይህን በአማርኛ እንዴት ትለው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻም፥ ከመካከላችን ደብተር መግዣ አጥቶ በኀፍረት ከትምህርት ሊቀር የሚያስብ ቢኖር፥ የራሳችንን ፈሊጥ ያስታውስ። አማርኛችን «እጅ አጠረኝ» ይላል፤ ያጠረው እጁ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። ይህን ለመምህሩ ወይም ለጓደኛው ሳያፍር ይንገር፤ ያንዱ እጅ ሲያጥር የሌላው ይደርስለታልና።